ባዶ ልብስ፦ ስለ መጨረሻው ዘመን ልቦለዶችና ስለሚያነቧቸው ሰዎች

ትዕይንቱን መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ሳይቀር ያውቀዋል። አውሮፕላን በሌሊት ውቅያኖስ እያቋረጠ ነው፤ ተሳፋሪው አንቀላፍቷል። ድንገት አንዳንዱ ወንበር ባዶ ሆኖ ይገኛል። ሰውየው የለም፤ ሸሚዙ፣ ሱሪውና ጫማው ግን ወንበሩ ላይ ቀርቷል። ቲም ላሄይ እና ጄሪ ጄንኪንስ የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመሩትና በ2007 በ16ኛው መጽሐፍ የዘጉት ተከታታይ ልቦለድ የሚከፈተው በዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ በዘርፉ የተጻፈው ብዙው ነገር ባዶውን ልብስ በየመልኩ ይደግመዋል። ታሪኩ ወደ እኛ ሰፈር ሲመጣ ደግሞ ሞተሩ እየሠራ ሹፌሩ የጠፋ ታክሲ ይሆናል፤ ምጣድ ላይ አርሮ የቀረ እንጀራ ይሆናል።

ይህን የምጽፈው ለእነዚህ ልቦለዶች አንባቢዎች ነው፤ በተለይ በአዲስ አበባ ዳር፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶና በለገጣፎ ላሉት። የማምንበት ነገር አንድ ነው። አንባቢውን እንቅልፍ የሚነሳው ፍርሃት በአብዛኛው የሚመጣው ከልቦለዱ ሙያ ነው፤ ታሪኩ የቆመበት ጥቅስ ግን የተጻፈው ለማጽናናት ነበር። ሁለቱን ለይቶ ማንበብ ይቻላል። መለያው አንድ እርሳስና ትንሽ ትዕግሥት ነው።

አስቀድሞ መጽሐፉ እንዴት እንደሚደርስ እንይ፤ ምላሹን ከግማሽ በላይ የሚወስነው ይህ ይመስለኛልና። ከከተማው ዳር የመጻሕፍት መደብር ሩቅ ነው። አራት ኪሎ ወይም ሜክሲኮ ድረስ ሄዶ ከአዟሪ የሚገዛ ጥቂት ነው። ብዙው የሚያነበው ገጽ በገጽ በስልክ ካሜራ ተነሥቶ በቴሌግራም የሚዞር ፒዲኤፍ ነው። እንዲህ ያለው ቅጂ ሁለት ሕመም አለበት። ፎቶ አንሺው ሁለት ቅጠል አብሮ ሲገልጥ ገጽ ይዘላል፤ አንባቢውም ዘለላውን የታሪኩ ምሥጢር አድርጎ ይወስደዋል። ሌላው ሕመም ይብሳል፦ መግቢያው አይነሳም። ደራሲው “ይህ ልቦለድ ነው፤ የተከተልኩትም ይህንን አተረጓጎም ነው” የሚል ከሆነ የሚለው እዚያ ገጽ ላይ ነው። ያ ገጽ ያልደረሰው አንባቢ ልቦለዱን እንደ ዜና ይጀምረዋል።

መጽሐፉ በድምፅ ተነብቦ የሚቀርብበት ትረካ ደግሞ የራሱ ችግር አለው። 300 ገጽ ያለው መጽሐፍ በድምፅ ሲነበብ 10 ሰዓት ያህል ይፈጃል። በ30 ደቂቃ ሲከፈል 20 ክፍል ይወጣዋል፤ እያንዳንዱም ክፍል የሚቆረጠው ልብ በተንጠለጠለበት ቦታ ነው። መጽሐፍ ይዞ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ሲጨንቀው ገልጦ ይቀጥላል፣ እፎይ የሚልበት ቦታ ሲደርስ ይተኛል። ከቱሉ ዲምቱ ወደ መሀል ከተማ በሚሄድ አውቶቡስ ቆሞ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ሰው ግን ያን ጭንቀት 20 ጊዜ ይዞት ይወርዳል፤ ሥራ ቦታውም የሚገባው ከነጭንቀቱ ነው። ስለዚህ ለሚያዳምጥ ሰው የመጀመሪያው ምክር ቀላል ነው፦ ክፍሉ ባለቀበት አለማቆም። የሚቀጥለውን ክፍል አምስት ደቂቃ ያህል ሰምቶ፣ ትንፋሽ በሚሰጥ ቦታ ላይ መዝጋት ይሻላል።

መሰወርና መነጠቅ

አንድ ብሎክ ላይ የሚኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች ያንኑ ገጽ አንብበው ፈጽሞ የተለያየ ነገር ያያሉ። በኦርቶዶክስ ቤት ላደገ ሰው ሰው ሳይሞት ከዓይን መጥፋቱ አዲስ ነገር አይደለም። ስምም አለው፦ መሰወር። ሄኖክ ተሰውሯል፣ ኤልያስ ተሰውሯል፣ ቅዱስ ያሬድም በሰሜን ተራሮች ተሰወረ ተብሎ ግንቦት 11 ይታሰባል። ነገር ግን መሰወር በብዙ ጾምና ጸሎት፣ ለአንድ ጻድቅ፣ ለብቻው የሚሆን ነው። አንድ መቶ ሰው አውሮፕላን ላይ እያለ በአንድ ቅጽበት ሲጠፋ ይህ አንባቢ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ይህን ያህል ሰው በየትኛው ተጋድሎ?” ብሎ ነው። ጥያቄው የሹፈት አይደለም፤ ከልብ የመጣ ነው፤ ልቦለዱም መልስ የለውም።

በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ያደገው ጎረቤት “ንጥቀት” (አማኞች በአንድ ቅጽበት ወደ ሰማይ መወሰዳቸው) የሚለውን ቃል ከሰንበት ትምህርት ጀምሮ ሊያውቀው ይችላል። እርሱ የሚጠይቀው ስለራሱ ነው፦ “እኔ እቀራለሁ ወይስ እሄዳለሁ?” አማርኛው እዚህ ላይ ፍርሃቱን ያከብደዋል። “ቀረ” ማለት አልመጣም ነው፣ ተረፈ ነው፣ ባከነም ነው። “ሳታገባ ቀረች”፣ “ሳይማር ቀረ” እንደምንለው ሁሉ በውስጡ የጠፋ ዕድል አለበት። “ጓደኞችህ ሄደው አንተ ቀረህ” የሚለው ዓረፍተ ነገር በእኛ ቋንቋ ሲነበብ ግማሹን ሥራ ቃሉ ራሱ ይሠራለታል።

የቃል ነገር ከተነሣ፣ ልምድ ያለው አንባቢ መጽሐፉ ከየትኛው ቤት እንደወጣ ገና በአሥረኛው ገጽ ይለየዋል። “ሐሳዊ መሢሕ” ካለ ወደ ኦርቶዶክስ ያደላል፤ “ፀረ ክርስቶስ” እና “ንጥቀት” ካለ ወደ ወንጌላውያኑ። ብዙው ጸብ የሚጀመረው እዚህ ነው፤ ገና ታሪኩ ሳይጀመር። የሚገርመው፣ “የክርስቶስ ተቃዋሚ” የሚለው ስም በዮሐንስ ራእይ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አይገኝም። ያለው በዮሐንስ መልእክቶች ውስጥ ብቻ ነው፤ እዚያም “ብዙዎች የክርስቶስ ተቃዋሚዎች ተነሥተዋል” ተብሎ በብዙ ቁጥር ተጽፏል። ሱፍ ለብሶ በቴሌቪዥን የሚናገረው አንድ መልከ መልካም ፖለቲከኛ የደራሲዎች ልጅ ነው። ለሙስሊም ጎረቤትም ቢሆን ታሪኩ ሩቅ አይሆንበትም፤ ደጃልን (በመጨረሻው ዘመን የሚነሣውን አሳሳች) እና የነቢዩ ዒሳን መመለስ ያውቃልና።

“ሁለት ዓይነት አንባቢ” ማለቴ ግን ለንግግር እንዲቀል ነው፤ ወንጌላውያኑ ራሳቸው አንድ አይደሉም። መካነ ኢየሱስ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ነች፤ ሉተራውያን የሚቀበሉት እ.ኤ.አ. የ1530ው የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ በ17ኛው አንቀጹ፣ ከትንሣኤ ሙታን በፊት ጻድቃን ብቻቸውን ምድርን ይገዛሉ የሚለውን ሐሳብ አይቀበልም። የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስቶችም የክርስቶስ መምጣት ለዓይን ሁሉ የሚታይ ነው ብለው ስለሚያምኑ በድብቅ የሚሆን ንጥቀት አይቀበሉም። ከመጨረሻው ዘመን ታላቅ መከራ በፊት የሚሆነው የንጥቀት ትምህርት በስፋት የታወቀው እ.ኤ.አ. ከ1830ዎቹ ጀምሮ በጆን ኔልሰን ዳርቢ ስብከት ነው። ወደ ብዙ ቤት የገባው ደግሞ በ1909 በታተመው የስኮፊልድ ማብራሪያ ያለበት መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ይህን ሲሰሙ የሚቆጡ አንባቢዎች አሉ፤ እምነታቸው የተነካ ስለሚመስላቸው። ትምህርት ዘግይቶ መታወቁ ብቻውን ስሕተት አያደርገውም። ግን አንባቢው ይህ አንዱ አተረጓጎም መሆኑን ማወቅ አለበት፤ ልቦለድ ውስጥ ሌላኛው አተረጓጎም ድምፅ የለውምና።

ከሁሉ በላይ የምወደው ማስረጃ ከራሳችን ትርጉም የሚገኘው ነው። ማቴዎስ 24፥40 “አንዱ ይወሰዳል አንዱም ይቀራል” ይላል፤ ብዙው ልቦለድ የተሰቀለው በዚህ ላይ ነው። የ1954ቱን ትርጉም ይዞ አንድ ቁጥር ወደ ኋላ የተመለሰ አንባቢ፣ በኖኅ ዘመን “የጥፋት ውኃም መጥቶ ሁሉን እስከ ወሰደ ድረስ” የሚል ያገኛል። ያው ግሥ ነው፦ ወሰደ። ቁጥር 39 ላይ የተወሰዱት የጠፉት ናቸው፤ የቀረው ኖኅ ነው። ታዲያ ቁጥር 40 ላይ የተወሰደው የዳነ ነው ወይስ የጠፋ? በግሪኩ ሁለቱ ግሦች የተለያዩ ስለሆኑ ንጥቀትን የሚያስተምሩ ሰዎች በዚህ ይከራከራሉ፤ ክርክራቸውም ክብደት አለው። ሆኖም አማርኛ አንባቢው በራሱ መጽሐፍ ላይ ይህን ጥያቄ ሲያገኘው ልቦለዱ የዘጋው በር ይከፈትለታል።

የራሳችን የፍጻሜ ወግ

እነዚህን ልቦለዶች የምናነበው ባዶ አእምሮ ይዘን አይደለም። ጤፍ ሲወደድ፣ ልጅ በአባቱ ላይ እጁን ሲያነሣ “ስምንተኛው ሺህ ደረሰ” እንላለን። ሒሳቡን ማስላት ግን ጥሩ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ነው። በዚያ ላይ 1500 ሲጨመር 7000 ይሞላል። እንግዲህ ስምንተኛው ሺህ የገባው በ1501 ዓ.ም. ነው፤ ገና ነው እየተባለ ከ500 ዓመት በላይ ኖረንበታል። የዚህን ዓይነት ንባብ ኃይል ማየት የፈለገ ደግሞ ፍካሬ ኢየሱስ የተባለውን የትንቢት መጽሐፍ ያስታውስ። በመጨረሻ ዘመን ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ ሰላምና ጥጋብ ያመጣል የሚለው ትንቢት በሰው አፍ ስለነበር፣ ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሥ የመረጠው ስም ይህንኑ ነው። የፍጻሜ ጽሑፍ እዚህ አገር የንጉሥ ስም አውጥቷል።

ፍርሃት ብቻም አልነበረም። ጳጉሜን 3 ቀን “ሰማይ ይከፈታል” ተብሎ ልጆች ራቁታቸውን ዝናብ ውስጥ ይሮጣሉ፤ ርኅወተ ሰማይ ማለት ይህ ነው። የዓቢይ ጾም አምስተኛው እሑድ ደብረ ዘይት ሲሆን ማቴዎስ 24 ይነበባል፣ የዳግም ምጽአቱ ነገር በዜማ ይነገራል፤ ከዚያ ሰው ወደ ቤቱ ሄዶ ጾሙን ይቀጥላል። ፍጻሜው በየዓመቱ ተራ ያለው፣ በጉባኤ መካከል የሚሰማ ነገር ነው። ልቦለዱ ያመጣው ለውጥ፣ በእኔ አስተያየት፣ ይህን ንባብ ከጉባኤው አውጥቶ ለአንድ ሰው፣ በሌሊት፣ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ በስልክ ብርሃን መስጠቱ ነው። መብራት በጠፋበት ሌሊት ይህን ማንበብ ከባድ መሆኑ ማንንም ሊያስገርም አይገባም።

ሦስት ፊደል

አሁን ወደ እርሳሱ። ዘዴው ሦስት ፊደል ነው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ወይም ትዕይንት ጠርዝ ላይ አንድ ፊደል ይጻፋል፦ “መ” በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ በቃሉ ለሚገኝ፣ “ት” ከጥቅስ ተነሥቶ በትርጓሜ ለተደረሰበት፣ “ል” ደራሲው ለፈጠረው። የአውሮፕላኑ ትዕይንት ይህን ይመስላል። ሰዎች ተነጠቁ፦ “መ”፣ 1ኛ ተሰሎንቄ 4፥17 “እንነጠቃለን” ይላልና። የተነጠቁት ከታላቁ መከራ በፊት ነው፦ “ት”። ልብሳቸው ወንበሩ ላይ ቀረ፦ “ል”። በዝምታ ሆነ፣ አጠገቡ የተቀመጠ እንኳ አልሰማም፦ “ል”፤ እንዲያውም ከጥቅሱ ጋር ይጋጫል። ቁጥር 16 ላይ ትእዛዝ፣ የመላእክት አለቃ ድምፅና የእግዚአብሔር መለከት አለ፤ ሦስት ድምፅ ነው። ስለ ልብሱም ቢሆን፣ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ወደ ሰማይ ከወጣ ሰው ወድቆ የቀረ ልብስ የምናገኘው በኤልያስ ታሪክ ነው፤ ኤልሳዕ መጎናጸፊያውን አንሥቶ ዮርዳኖስን ከፈለበት። እዚያ የቀረው ልብስ ርስት ነው፤ ልቦለዱ ውስጥ ግን አስደንጋጭ ዕቃ ሆኗል።

በፎቶ የተነሣ ፒዲኤፍ ላይ ጽሑፉን መርጦ ማቅለም አይቻልም፤ ገጹ ሥዕል ስለሆነ ስልኩ ፊደሉን አያውቀውም። ስለዚህ ባለ 32 ገጽ ደብተር ይበቃል፦ በግራ የገጽ ቁጥር፣ በመሀል ፊደሉ፣ በቀኝ ጥቅሱ ካለ ምዕራፍና ቁጥሩ። በአንድ ቁጭታ ከ15 ገጽ በላይ አለመሄድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዓይን ይሰንፍና ሁሉም “መ” ይሆናል።

አንባቢው ሁለት ቦታ ይሳሳታል። አንደኛው፣ ገጸ ባሕርይ በጥቅስ ምልክት ውስጥ የተናገረውን ሁሉ “መ” ማለት። ልቦለድ ውስጥ ያለ መጋቢ ጥቅስ ሲናገር ለንግግር እንዲመች ቃል ይቀንሳል፣ ይጨምራል፤ ስለዚህ ሳይከፍቱ ፊደል መስጠት አይገባም። ሁለተኛው ይበልጥ የተደበቀ ነው፦ ሰው የራሱን ቤተ ክርስቲያን ትርጓሜ ሁልጊዜ “መ” ይለዋል፣ የሌላውን “ት”። ለዚህ ያለው መድኃኒት ደብተሩን ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ከመጣ አንባቢ ጋር መለዋወጥ ነው።

የ“ት”ን ምንነት ለማሳየት ከሰባቱ ዓመት የተሻለ ምሳሌ የለም። “የሰባት ዓመት ታላቅ መከራ” የሚል ዐረፍተ ነገር በዮሐንስ ራእይ የለም። ያለው 42 ወር እና 1260 ቀን ነው። ይህን ለማስላት የእኛ አንባቢ ከማንም ይቀድማል፤ ወሩ ሁሉ 30 ቀን በሆነበት አቆጣጠር አድጓልና 42 በ30 ሲባዛ 1260 መሆኑን ለማየት ወረቀት አያሻውም። ጳጉሜን ከቆጠርን ግን ሦስት ዓመት ተኩል ቢያንስ 15 ቀን ይተርፈዋል፤ ይህም ቁጥሩ የቀን መቁጠሪያ ሆኖ የተሰጠ መሆኑን እንድጠራጠር ያደርገኛል። ሰባቱ የመጣው ከዳንኤል 9፥27 “አንድ ሱባዔ” ነው፤ ያ ሱባዔ (ሰባት ዓመት ተብሎ ይተረጎማል) ከቀደሙት 69 ሱባዔዎች ተለይቶ ገና ወደፊት ይመጣል፣ ከራእዩም ቁጥር ጋር ይገጥማል ሲባል። ደረጃ በደረጃ የተሠራ ግንብ ነው። ሊቆምም ይችላል፤ ግን ተሠርቷል።

ቆጣሪው

በየቡድኑ አንድ ቆጣሪ አንባቢ አለ። መጽሐፉን ዘግቶ ዜና ይከፍታል። የስልክ ቁጥር፣ የመኪና ታርጋ፣ ባርኮድ፣ አሁን ደግሞ ባንኮች እየጠየቁት የመጣው የፋይዳ ቁጥር፤ ሁሉም ውስጥ ስድስትን ይፈልጋል። ይህን ሰው ማሳፈር ምንም አይጠቅምም። ቁጥር ይወዳልና ቁጥር መስጠት ነው።

በራእይ የአውሬው ቁጥር የተባለው ስድስት መቶ ስድሳ ስድስት በግዕዝ አኃዝ ሲጻፍ ፮፻፷፮ ነው። ሦስት ስድስት ጎን ለጎን የለበትም። በግሪኩም ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ጎን ለጎን የቆሙት ሦስት ስድስቶች በዛሬው አኃዝ ብቻ የሚታይ መልክ ናቸው፤ ዮሐንስም አላያቸውም። ባርኮድ መጀመሪያ፣ መሀልና መጨረሻ ላይ ያሉት ረዘም ያሉ ጥንድ መስመሮች ስድስትን ከሚወክሉት መስመሮች ጋር ስለሚመሳሰሉ ነው ወሬው የተነሣው። ለማሽኑ ግን ድንበር ናቸው እንጂ ቁጥር አይደሉም። በመደብር ውስጥ ባርኮድ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበው እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 1974 በኦሃዮ፣ በማስቲካ ላይ ነበር። የፋይዳው ቁጥር 12 አኃዝ ነው፤ ከእነዚህ መካከል ስድስት መገኘቱ የአኃዝ ጠባይ ነው።

ይልቅ ቆጣሪው ቢያሰላው የምወደው ይህ ነው። ክርስቲያኖችን ያሳደደው የሮም ገዢ “ኔሮን ቄሳር” ስም፣ እያንዳንዱ ፊደል የቁጥር ዋጋ ባለው በዕብራይስጥ ሲጻፍ 50፣ 200፣ 6፣ 50፣ 100፣ 60፣ 200 ይሆናል፤ ድምሩ 666። የስሙ መጨረሻ “ን” ሲቀር 616 ይሆናል፤ ከጥንት የብራና ቅጂዎች አንዳንዶቹም 616 ይላሉ። የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች የሚያውቁት አሳዳጅ ነበራቸው ማለት ነው።

ደግሞም የአውሬው ምልክት በራእይ 13 እና 14 ከስግደት ጋር ተጣብቆ ነው የሚመጣው፦ “ለአውሬውና ለምስሉ የሚሰግድ” ይላል። ሳያውቁ የሚቀበሉት፣ ወረፋ ተይዞ የሚወሰድ ነገር ሆኖ አልተጻፈም። ልቦለዶቹ የሚተዉት ሌላ ነገርም አለ፤ የበጉ ተከታዮችም በግምባራቸው ላይ ስም ተጽፎባቸዋል (14፥1)። ግምባሯ ላይ መስቀል የተነቀሰች አያት ያለችው አንባቢ ይህን ለማመን አይቸገርም።

ቀን ለሚቆርጠው ደግሞ ሁለት ቀን ብቻ ማስታወስ ይበቃል፦ በዊልያም ሚለር ስብከት የተጠበቀው ጥቅምት 22 ቀን 1844 እና ሃሮልድ ካምፒንግ ያወጀው ግንቦት 21 ቀን 2011፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. ሁለቱም አለፉ። ተርጓሚም የውጭውን ዓመት እንዳለ ሲተወው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጠርና አንባቢው ያለፈውን ቀን ገና የሚመጣ አድርጎ ይጠብቃል። ዓመት ሲጠቀስ “እ.ኤ.አ.” የሚል ከሌለ መጠርጠር ነው።

ልጆች

እዚህ ላይ በጣም ጠንቃቃ እሆናለሁ። በከተማው ዳር ወላጅ ታክሲ ወይም አውቶቡስ ለመያዝ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከቤት ይወጣል። ማታ ሳሎን ውስጥ የተከፈተውን ትረካ በእንቅልፍ ልቡ የሰማ ልጅ ሲነጋ ነቅቶ ቤቱን ባዶ ያገኘዋል። አልጋው ላይ የእናቱ የሌሊት ልብስ አለ። ያ ልጅ በዚያች ደቂቃ የሚያስበውን ለመገመት ልቦለዱን ማንበብ አያስፈልግም። ፍርሃቱም ዕድሜ ልክ ሊከተለው ይችላል፤ ቤት ሲገቡ ዝም ካለ ልባቸው የሚሰነጠቅ ትልልቅ ሰዎች አሉ።

መፍትሔው ከሥነ መለኮት በፊት የቤት ሥርዓት ነው። ትረካውን ልጅ በነቃበትና በሚያንቀላፋበት ሰዓት ያለድምፅ ማጉያ፣ በጆሮ ማዳመጫ መስማት። ማታ ከመተኛት በፊት “ነገ ስትነቃ እኔ ወጥቻለሁ፣ የታችኛው ቤት እትዬ ግን አሉ” ብሎ መንገር። የሌሊት ልብሱን አጥፎ ማስቀመጥ፤ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ምልክቱን ያጠፋል። ማንበብ ለሚችል ልጅ በር ላይ ወረቀት መለጠፍ። ልጁ ከጠየቀ ደግሞ “አትፍራ” ብቻ ብሎ አለማለፍ። ፍርሃቱ ስም እንዲኖረው “ምን ሆንን ብለህ ነው?” ብሎ እስኪጨርስ መስማት፤ ከዚያ ያ ታሪክ ሰው የጻፈው መሆኑን፣ ኢየሱስም ሕፃናትን “ወደ እኔ ይመጡ ዘንድ ተዉአቸው” ማለቱን መንገር።

አብሮ ማንበብ

ይህን ዓይነት መጽሐፍ ለብቻ ከማንበብ በቡድን ማንበብ እመርጣለሁ፤ ከላይ እንዳልኩት ወደ ጉባኤው መመለስ ነውና። ስምንት ሰው ጥሩ ነው፤ ከአሥር ካለፈ ሁለት ሰው ብቻ ይናገራል። 300 ገጽ ለስድስት እሑድ ቢከፈል በሳምንት 50 ገጽ ነው። ነዋሪው ኮሚናል የሚለው የጋራ ሕንፃ ልቅሶ ወይም ድግስ ከሌለበት ይበቃል። ቅዳሴም የእሑድ አምልኮም ካለቀ በኋላ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ቢጀመር ሳይመሽ ያልቃል።

የመጀመሪያው 20 ደቂቃ ስለ ታሪኩ ብቻ ነው፤ ጥቅስ አይጠቀስም። ማን ደስ አሰኘ፣ ማን እንጨት ሆነ፣ የት ላይ ደከመ? ይህን ያስገባሁት ምክንያት አለኝ። ልቦለዱን እንደ ልቦለድ የመዘነ ሰው ደራሲው ሲያስፈራራው ያውቃል። ብዙዎቹ መጻሕፍት በሰው አሣሣል ደካማ ናቸው፤ ከሃዲው ሁልጊዜ ትዕቢተኛ ነው፣ የሚድነውም በአንድ ገጽ ጸሎት ይለወጣል። ይህን መናገር እምነትን መንካት አይደለም። ከዚያ ደብተሮቹ ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ሰው ይበልጥ የፈራበትን አንድ ገጽ ያነብና ጠርዙ ላይ ያለውን ፊደል ይናገራል። የፈሩባቸው ገጾች ፊደል ብዙ ጊዜ “ል” ሆኖ ሲገኝ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማውን እፎይታ በምንም ስብከት ማምጣት አይቻልም።

ዲያቆን ወይም መጋቢ ከመጣ ቡድኑ ዝም ይላል። በአክብሮት መጨረሻ ላይ እንዲናገሩ አስቀድሞ መጠየቅ ነው፤ አብዛኞቹ ደስ ይላቸዋል። ክርክሩ “የማን ቤተ ክርስቲያን” ወደሚለው ከሄደ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፦ “ይህ በስንተኛው ገጽ ላይ ነው?”

ከስድስቱ ቀጥሎ በሚመጣው በመጨረሻው እሑድ ልቦለዱ አይከፈትም። የሚነበበው 1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13 እስከ 18 ብቻ ነው፤ ሙሉውን፣ ጮክ ብሎ፣ በአንድ ሰው ድምፅ። ልቦለዶቹ ቁጥር 17ን ይወስዳሉ፤ ክፍሉ ግን የሚጀምረው በለቅሶ ነው። የተሰሎንቄ ሰዎች የሞቱባቸው ነበሩ፤ ሥጋታቸውም ጌታ ሲመጣ ሙታኖቻቸው ይቀራሉ ብለው ነበር። ጳውሎስ “ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች ደግሞ እንዳታዝኑ” ብሎ ይጀምራል፣ “በክርስቶስም የሞቱ አስቀድመው ይነሣሉ” ይላል፣ በመጨረሻም “ስለዚህ እርስ በርሳችሁ በዚህ ቃል ተጽናኑ” ብሎ ይዘጋል። እኛ ይህን ደብዳቤ የምናውቀው ከድንኳን ነው፤ የዕድር ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ንፍሮ በእጃችን ይዘን። የሚቀር የለም ለማለት የተጻፈውን ጥቅስ “ትቀራለህ” ለማለት የተጠቀመበት ደራሲ ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ለነፍስ አስቦ ያደረገው ነው። ቁጥር 18ን ግን ትቶታል።

ከስብሰባው በኋላ ምልክት የተደረገበት አንድ ደብተር ይተርፋል። ለሚቀጥለው ብሎክ አንባቢዎች ከመጽሐፉ ጋር አብሮ እንዳይሰጥ እመክራለሁ። ንጹሑን ቅጂ ከነመግቢያው ይውሰዱ፣ ፊደሎቹን ራሳቸው ያስቀምጡ፤ ደብተሩ በስድስተኛው እሑድ ይድረሳቸው፣ ለማስተያየት።